ሐኪሙ ማንን ይመረምራል?

በአዳማ አካባቢ ባለ አንድ ቀበሌ ትምህርት ከጨረስን በኋላ ተማሪዎቹ ሳይነሡ ቀሩ። አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ሴት ልጅ ስትደፈር ሐኪም ቤት የምትወሰደው እሷ ብቻ ናት። እሱስ? ገላው አይታይም ወይ?» ብለው ጠየቁን። አንድ አዛውንትም፣ «እንቢ ቢልስ ማን ያስገድደዋል?» አሉ። እኛም ሕጉን አንብበን ተመለስን።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 ስለዚህ ነገር ይናገራል። መርማሪው ፖሊስ አስፈላጊ መስሎ ከታየው ተጠርጣሪው በሐኪም እንዲመረመር ያዛል። ደሙም ሊመረመር ይችላል። ሐኪሙ ያገኘውን በጽሑፍ ያሰፍራል። ተጠርጣሪው ፈቃዱ ይጠየቅ የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም። የተበደለችው ግን ያለ ፈቃዷ አትመረመርም። እሷ ፈቃድ ለመስጠት የማትችል ከሆነች ኃላፊነት ያለበት ሰው ይጠየቃል።

እስቲ ይህን ከምንሰማው ጋር እናስተያየው። ልጅቷን ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቃታል፣ ይመረምራታል። ሰውየውን ግን ማንም አይነካውም። የተቧጨረ ፊት፣ የተነከሰ እጅ፣ ደም የነካው ሸሚዝ ያለው እሱ ላይ ሊሆን ይችላል። ጭረት በጥቂት ቀን ይሽራል። ሸሚዝም ይታጠባል። ሽማግሌ እርቅ ሲል ሳምንት ካለፈ ሐኪሙ የሚያየው ነገር ያጣል። ሽማግሌዎቻችንን እናከብራለን፤ ይህ ግን የከብት ጠብ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቶታል። አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል፤ ልጅቷ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ቅጣቱ ይከብዳል።

አዛውንቱ፣ «ሰውየው ንጹሕ ቢሆንስ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምርመራው ለንጹሕ ሰውም ሊጠቅም ይችላል። ሐኪሙ ያየውን ይጽፋል እንጂ አይፈርድም። ተጠርጣሪውን መደብደብ ክልክል ነው። ከተያዘ በኋላም የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ደግሞም ሐኪሙ በልጅቷ ገላ ላይ ምልክት አጣ ማለት ነገሩ አልሆነም ማለት አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ልጅቷ ሳትታጠብ ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ። የለበሰችው ልብስ በወረቀት ይጠቅለል፤ በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት፣ ማለትም በ3 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ለነገ አይባልም። አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ለተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት የተቋቋመ ማዕከል አለ። ከዝዋይም ከሞጆም የሚመጣ ሰው ይህን ይወቅ።

እናታችን የአንቀጹን ቁጥር በደብተራቸው ጻፉ። 3ን ወደ ግራ አዞሯት፤ ቢሆንም ትነበባለች።