ብርሃንን የሚሰበስቡ የቀለም ቀለበቶች

በረጋ ኩሬ ግርጌ፣ አየር በማይደርስበትና ድኝ በሚሸትበት ጭቃ አጠገብ፣ አንድ በአንድ ለዐይን የማይታዩ፣ በብዛት ሲሰበሰቡ ግን ውሃውን ሐምራዊ የሚያስመስሉ ደቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ባክቴሪያ ከሚባለው ወገን ሲሆኑ እንደ ዕፅዋት ሁሉ በብርሃን ኃይል ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ ይሁን እንጂ ውሃን ከፍለው ኦክስጅን የማውጣት ሥልጣን አልተሰጣቸውምና፣ ብዙዎቹ በውሃ ፈንታ ያንኑ የሚሸተውን የድኝ ጋዝ ይጠቀማሉ። ቴዎዶር ኤንገልማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሆላንድ አገር በዩትሬክት ከተማ ሆኖ፣ ብርሃንን በየቀለሙ ከፋፍሎ በማጉያ መነጽር ሥር ቢያበራባቸው፣ እጅግ በዝተው የተከማቹት ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ የሰው ዐይን ጨለማ ብቻ በሚያይበት በታሕተ ቀይ ጨረር ላይ ሆነው አገኛቸው። ነገሩ ሲታሰብ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከበላያቸው የሰፈሩት ዋቅላሚዎችና ዕፅዋት የሚታየውን ብርሃን አስቀድመው ስለሚወስዱት፣ ወደ ታች የሚወርድላቸው ሌላው የተወው ትራፊ ነውና።

ትራፊውም ቢሆን እንደሚመስለን የበዛ አይደለም። ፀሐይ በቀትር ምድርን ስታቃጥል የብርሃን ማዕበል የወረደ ይመስለናል፤ ነገር ግን ክሎሮፊል የተባለው ብርሃን ያዥ ቀለም አንድ ሞለኪውል በዚያ ቀትር ላይ እንኳ በሰከንድ የሚይዘው የብርሃን ቅንጣት፣ ማለት ፎቶን፣ ከ10 ብዙም አይበልጥም፤ በኩሬ ግርጌማ ከዚህም እጅግ ያንሳል። ብርሃንን ወደ ሕይወት ኃይል የሚለውጠው ረቂቅ መሣሪያ ከዚህ በብዙ ፈጥኖ መሥራት የሚችል ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ መሣሪያ ማቆም ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። በ1932 ሮበርት ኤመርሰንና ዊልያም አርኖልድ የተባሉ አሜሪካውያን፣ ክሎሬላ የምትባለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ እጅግ ባጠረ የብርሃን ብልጭታ ሲፈትኑ፣ ለአንድ ብልጭታ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል የሚወጣው ከ2,500 ያህል የክሎሮፊል ሞለኪውሎች መካከል መሆኑን አገኙ። ከክሎሮፊሉ የሚበዛው ሰብሳቢ እንጂ ሠሪ አለመሆኑ ኋላ የተስተዋለው ከዚህ በመነሣት ነው። በሰፊ የቆርቆሮ ጣራ ላይ በየቦታው የወደቀው የዝናብ ጠብታ ተዳፋቱን ተከትሎ በአሸንዳ ወርዶ አንዱን በርሜል እንደሚሞላ፣ ብርሃኑም ብዙ በሆኑ ቀለማት ላይ ወድቆ ወደ አንድ ሥፍራ ይወርዳል።

ይህ ጣራ በሐምራዊ ባክቴሪያ ዘንድ ምን እንደሚመስል በግልጽ የታየው በ1995 በስኮትላንድ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የነሪቻርድ ኮግዴልና የነኒል አይዛክስ ጓዶች ሰብሳቢውን ፕሮቲን ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ መረመሩት። ያዩትን እኔ በተፈጥሮ ካሉት ውብ ሕንጻዎች መካከል እቈጥረዋለሁ። ዘጠኝ ጥንድ የፕሮቲን ዐምዶች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ስፋቱ 7 ናኖሜትር ያህል ነው። በዐምዶቹ መካከል 27 የባክቴሪያ ክሎሮፊሎች ተሰክተዋል፤ 18ቱ ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው እጅግ ተቀራርበው እንደ አክሊል ሲዞሩ፣ 9ኙ ደግሞ ተራርቀው ጋደም ብለዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሃያ ሰባቱም በዓይነታቸው አንድ መሆናቸው ነው። ይኸው ክሎሮፊል ከፕሮቲኑ ተለይቶ በፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ 770 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ይውጣል፤ ከቀለበቱ ውስጥ ሲገባ ግን የተጋደሙት 800ን፣ የቆሙት ደግሞ 850ን ይመርጣሉ። ልዩነቱን ያመጣው የቀለሙ ባሕርይ ሳይሆን ፕሮቲኑ የሰጠው አቀማመጥና ጉርብትና ነው። የጨረሩ ርዝመት በጨመረ ቍጥር ኃይሉ ስለሚያንስ፣ ከ800 ወደ 850፣ ከዚያም የኃይል መለወጫውን መሣሪያ ከብቦ ወደሚገኘው፣ 875 አካባቢ ወደሚውጠው ሁለተኛ ቀለበት የሚደረገው ጉዞ ሁሉ ቍልቍለት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ትሪሊዮንኛ ሰከንድ ያህል፣ ከሁለተኛው ቀለበት ወደ መሣሪያው የሚደረገው የመጨረሻው ደግሞ የዚህን ብዙ ዐሥር እጥፍ ይፈጃል፤ ይህን ያህል መፍጠኑም ግድ ነው፤ ኃይሉ ቢዘገይ ሙቀት ሆኖ ይበተናልና። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ብርሃን ሲደክምባቸው በ850ው ፈንታ 820ን የሚውጥ ሌላ ቀለበት ይሠራሉ።

መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መሣሪያ ኤሌክትሮንን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ቅርጹን በ1985 ይፋ ያደረጉት ዮሐን ዳይዘንሆፈር፣ ሮበርት ሁበርና ሐርትሙት ሚሼል በ1988 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርጉት ቀለማት ወገን የሆኑት ካሮቲኖይዶችም በቀለበቱ ውስጥ አሉ። ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይለቅማሉ፤ ዋናው አገልግሎታቸው ግን ጥበቃ ነው፤ ብርሃን የጠገበ ክሎሮፊል ኦክስጅን ሲያገኝ ሕዋስን የሚያቃጥል መርዝ ይፈጥራልና። በ1950ዎቹ ካሮቲኖይድ የጎደላቸው ባክቴሪያዎች ተፈትነው፣ ብርሃንና አየር በአንድነት ሲመጡባቸው ሞቱ።

አረንጓዴ የድኝ ባክቴሪያዎች የያዙት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። እነርሱ ክሎሮሶም በሚባል ከረጢት ውስጥ ክሎሮፊሉን ያለ ፕሮቲን ዐምድ በራሱ ላይ ደርድረው፣ በአንዱ ከረጢት እስከ መቶ ሺሕና ከዚያም በላይ የሚደርሱ ሞለኪውሎችን ያከማቻሉ። በጥቁር ባሕር ከ80 ሜትር በታች የሚኖሩት፣ እያንዳንዱ ክሎሮፊላቸው አንድ ፎቶን የሚያገኘው በየብዙ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ ብቻ እየኖሩ እጅግ በዝግታ ይራባሉ።