የከብት ድምፅና የባለቤቱ ጆሮ

ሰው ከሌላው ፍጥረት የሚለይበት አንዱ ታላቅ ጸጋ አንደበቱ ነው። ቢራብ ራበኝ፥ ቢታመም አመመኝ፥ ቢበደል ተበደልሁ ብሎ ለሐኪምም ለዳኛም ሊያስረዳ ይችላል። እንስሳ ግን ይህ ጸጋ ስላልተሰጠው ችግሩን የሚያስታውቀው በድምፁና በአኳኋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፁን ለይቶ የማያውቅ ባለቤት ያጋጠመው እንስሳ፥ አቤት እያለ ሰሚ እንዳጣ ባለጉዳይ መሆኑ ነው።

የኢትዮጵያ ባላገር ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ሳያስተውለው አልቀረም፤ ለዚህም ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው። ላም እምቧ ትላለች፤ ኮርማ ያጓራል፤ ፈረስ ያሽካካል፤ አህያ ያናፋል፤ ዶሮ ታስካካለች እየተባለ ለያንዳንዱ የተለየ ቃል ተሰጥቶታል። እናት ለልጇ ያላትን ፍቅርና ጭንቀት ለመግለጽም የተመረጠችው ላም ናት፤ «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፥ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የሚለው ተረት ከዚሁ ማስተዋል የመጣ ነው።

በልምድ የታወቀው ይህ ነገር ዛሬ በትምህርት መንገድ ይመረመራል። ቻርልስ ዳርዊን የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ሰውና እንስሳ ስሜታቸውን ስለሚገልጹበት አኳኋን አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም ወዲህ በዚሁ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ዩጂን ሞርተን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ የብዙ ወፎችንና የአጥቢ እንስሳትን ድምፅ አስተያይቶ፥ እንስሳ ለጠብ ሲነሣ ድምፁ ወፍራምና ሻካራ፥ ሲፈራ ወይም ሲለማመጥ ግን ቀጭንና የጠራ ወደ መሆን እንደሚያዘነብል አስረዳ።

ምክንያቱ ለማስተዋል የሚያስቸግር አይደለም። ድምፅ የሚወጣው ከሳንባ የሚገፋው አየር በጉሮሮ ውስጥ ያሉትን የድምፅ ጅማቶች ሲያርገበግባቸው ነው። እንስሳ ሲደነግጥ ልቡ በኀይል ይመታል፥ ትንፋሹ ይፈጥናል፥ ጡንቻው ይገተራል፤ የጉሮሮውም ጅማት እንደ ክራር አውታር ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህ ድምፅ ከአፍ ሲወጣ የመላ ሰውነቱን ሁናቴ ይዞ ይወጣል።

ይህም በላምና በጥጃ ላይ ተፈትኖ ታይቷል። በእንግሊዝ አገር ተመርምሮ በ2015 በታተመው ጥናት፥ ላሚቱ ጥጃዋ ከአጠገቧ ሳለ የምታሰማው ድምፅ ዝቅ ያለ ሆኖ በአንድ ሰኮንድ 81 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ነው። ጥጃዋ ከዓይኗ ሲሰወር ግን ድምፅዋ ከፍ ብሎ 153 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይኸውም እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ የያንዳንዷ ላምና የያንዳንዱ ጥጃ ድምፅ ለብቻው የሚታወቅበት መልክ እንዳለው ተገልጿል። ጥጃ የሞተባት ላም ወተቷን እንዳትከለክል ባላገር የጥጃውን ቆዳ ገለባ ሞልቶ በፊቷ ማቆሙ፥ ይህን የእናትነት ማሰሪያ ምን ያህል እንደሚያውቀው ያስረዳል።

በፍየሎች ላይ የተደረገውና በ2019 የታተመው ምርመራ ደግሞ ድምፃቸው እርስ በርሳቸውም የሚሰማሙበት መልእክት መሆኑን አመለከተ። የደስታና የጭንቀት ድምፆች በመሣሪያ ተቀድተው ለሌሎች ፍየሎች ሲሰሙ፥ የስሜቱ ዓይነት በተለወጠ ጊዜ ፍየሎቹ ድምፁ ወደ መጣበት ዘወር ብለው መመልከታቸው በዛ፤ የልባቸውም አመታት እንደ ድምፁ ዓይነት ተለያየ። እንግዲህ በአንዲት ፍየል ላይ የሚደርሰው ጭንቀት በርስዋ ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር መገመት ይቻላል።

ከሁሉ የሰፋው ግን በአሳማ ላይ የተደረገው ነው። ከዴንማርክ፥ ከስዊስ፥ ከፈረንሳይና ከሌሎችም አገሮች የተባበሩ ሊቃውንት የ411 አሳማዎችን 7,414 ድምፆች መርምረው ውጤቱን በ2022 አሳወቁ። ድምፆቹ የተቀዱት ግልገሎቹ ሲጠቡና ከእናታቸው ጋር ሲገናኙ፥ ደግሞም ከእናታቸው ሲለዩ፥ ሲጣሉና ሲኮላሹ ነበር። በደኅናው ጊዜ የሚሰማው ድምፅ አጭርና እምብዛም የማይዋዥቅ ሆኖ ተገኘ። ኮምፒዩተርም ይህን ልዩነት ተምሮ ከመቶው ድምፅ 92ቱን በትክክል ለየ። የዚህም ሐሳብ ጥቅሙ፥ ብዙ እንስሳት በሚረቡበት ታላቅ በረት ጠባቂው ያልሰማውን ጩኸት መሣሪያው ሰምቶ እንዲያስታውቀው ነው።

ነገር ግን ይህን ለመለየት መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በአውስትራሊያ የኲንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የዶሮ ድምፅ ለ194 ሰዎች አሰምተው፥ ዶሮዋ መልካም ነገር ጠብቃ ተደስታ እንደ ሆነ ወይም ከፍቷት እንደ ሆነ ጠየቋቸው። በ2024 እንደ ተገለጸው፥ ከመልሱ ከመቶ 69 እጅ ትክክል ነበረ። ስለዚህ ለሰው የጎደለው ጆሮ ሳይሆን ማድመጥ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሲባል ግን ዝም ያለ እንስሳ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በግ ከጥንት ጀምሮ በአራዊት ስትታደን የኖረች ናትና፥ ደካማነቷ ታውቆ እንዳትነጠቅ ሕመሟን መሸሸግ ልማዷ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ድምፅን ብቻ ሳይሆን አረማመድን፥ አመጋገብን፥ የጆሮንና የዓይንን ሁኔታ አብሮ ይመለከታል። ጩኸትም የችግሩን መኖር ያስታውቃል እንጂ ምክንያቱን ለይቶ አይናገርም፤ ምክንያቱን መርምሮ ማግኘት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ይህን የሚሰማ አንዳንድ ሰው፥ ለሰው ያልተረፈ ርኅራኄ ለከብት ከየት ይመጣል ይል ይሆናል። እንዲህ ለሚለው ሰው ርኅራኄውን እንኳ ትቶ ጥቅሙን ቢያስብ ይበቃዋል። ላም በምትታለብበት ጊዜ ብትደነግጥ ወይም ብትመታ፥ በደሟ ውስጥ የሚሠራጨው የድንጋጤ ቅመም ወተቱ ከጡቷ እንዳይወርድ ይከለክላል። ለእርድ የሚነዳ በሬም በመንገድ ሲንገላታና ሲጨነቅ ቢቈይ፥ በጡንቻው የተከማቸው ኀይል ስለሚያልቅ ሥጋው ጠቍሮና ደርቆ ቶሎ የሚበላሽ ይሆናል። እንግዲህ የከብቱን ጩኸት የናቀ ሰው የራሱን ገንዘብ መናቁ ነው።

ሆኖም ነገሩ በጥቅም ብቻ የሚለካ አይደለም። በገበያ ቀን ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ቍልቍል ተንጠልጥለው ሲሄዱ፥ ጀርባው የቈሰለ አህያ ቍስሉ ሳይደርቅ እንደ ገና ሲጫን፥ ጩኸታቸውን የሚሰማው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያደምጠው ግን ጥቂት ነው። ዶሮን አቅንቶ በቅርጫት መያዝ፥ የአህያን ጭነት ማቅለልና ቍስሉን ማሻር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

በሬው አርሶ፥ ላሚቱ ታልባ፥ አህያው ተጭኖ ለሰው ኑሮ ሲያገለግሉ ደመወዛቸው ሣርና ውሃ ነው። ከዚህ በላይ የሚጠይቁት ቢኖር፥ ሲጮኹ ቀና ብሎ፥ ምን ሆነህ ነው የሚል ጌታ ብቻ ነው። ልጆችም በግና ጥጃ ሲጠብቁ ዱላ ከማንሣት አስቀድመው ድምፅ ማድመጥን ቢማሩ፥ ነገ ለከብቱ ብቻ ሳይሆን መናገር ለተሳነው ሰው ሁሉ የሚራሩ ሆነው ያድጋሉ።