ጥሩ አንባቢ የሚያሰኙ ልማዶች

«ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚለው አባባል በብዙ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይታያል። ይሁን እንጂ ፊደል መለየትና ያነበቡትን መረዳት የተለያዩ ችሎታዎች በመሆናቸው፣ ብዙ ገጽ መጨረስ ብቻውን ጥሩ አንባቢ አያሰኝም።

ይህ ልዩነት በአገራችን የአብነት ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ተማሪው በንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት እስከ መድገም ሲደርስ ንባቡን አጠናቀቀ ይባላል እንጂ ምሥጢሩን ዐወቀ አይባልም። ለዚህ ራሱን የቻለ የትርጓሜ ቤት አለ። በዚያም መምህራኑ አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በተለያየ መንገድ ይፈቱታል። ከዚህ ሥርዓት የሚገኘው ትምህርት አንባቢ በመጀመሪያ በመጣለት ፍቺ ብቻ መርካት እንደሌለበት ነው።

የአማርኛ አጻጻፍም ይህንኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በጽሑፉ ላይ የሚጠብቁና የሚላሉ ፊደላት ምልክት ስለማይደረግባቸው «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። «ገና»ም ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን ያመለክታል። ትክክለኛውን ንባብ የሚወስነው የዓረፍተ ነገሩ ጠቅላላ ሐሳብ በመሆኑ፣ ጥሩ አንባቢ ዓይኑን ከቃሉ አስቀድሞ ወደ ፊት ይልካል፤ ሐሳቡ ካልገጠመለትም ተመልሶ ያነባል።

ሌላው መለያው መጠየቅ ነው። የአድዋ ድል በአንድ መጽሐፍ 1888፣ በሌላው 1896 ተብሎ ቢገኝ፣ ጠያቂ አንባቢ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብሎ አይቸኩልም። የመጀመሪያው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፉን ይመረምራል። ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ ጻፈው የሚሉ ጥያቄዎችንም በዚሁ መንገድ ያነሳል።

ያልገባውን ቃል ዘሎ አለማለፍም ከልማዶቹ አንዱ ነው። በ1962 ዓ.ም የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት የመሰሉ ሥራዎች ለዚህ ያገለግላሉ። ቁም ነገሮችን በማስታወሻ መያዝና ያነበቡትን በራስ አነጋገር ለሌላ ሰው ማስረዳትም መረዳትን ለመፈተን ይረዳሉ። አስረድቶ መጨረስ ያልቻለ ሰው የትኛውን ክፍል ደግሞ ማንበብ እንዳለበት በዚያው ያውቃል።

ንባብ በልማድ ካልጸና ይጠፋል። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። ሆኖም ፊደል የቆጠረ ጎልማሳ የሚያነበው ነገርና ጊዜ ካላገኘ ችሎታው እየደከመ ይሄዳል። በፈተና ወቅት ብቻ መጽሐፍ የሚገልጥ ተማሪም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። በመሆኑም በየዕለቱ የሚነበብ ጥቂት ገጽ፣ አልፎ አልፎ በጥድፊያ ከሚነበብ ብዙ ገጽ ይልቅ ይጠቅማል።

በንባብ የሚገኘው ጥቅም ከመጽሐፍ መደርደሪያ ያለፈ ነው። የዋስትና ውል ሳያነብ የሚፈርም ሰው የሌላውን ዕዳ ሊሸከም ይችላል። የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያን በግማሽ የሚያነብ ሕመምተኛ ጤናውን ለአደጋ ያጋልጣል። ርእሱን ብቻ አይቶ ዜና በስልኩ የሚያሰራጭም ባላወቀው ነገር ጎረቤቱን ሊያስደነግጥ ይችላል። እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ መጠየቅና ማመዛዘን ራስንም ሌላውንም ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የሚጠብቁ ልማዶች ናቸው።