የወደቀ በሬ ሁሉ ራሱን አልሳተም

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገበያ ተገዝቶ ወደ ቄራ የሚነዳው ከብት ብዙ ጊዜ ያረጀ የእርሻ በሬ ነው። ዓመታት ቀንበር የተሸከመ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የሚል፣ ሰው የማይፈራ እንስሳ። ባልለመደው መንገድ፣ በማያውቃቸው ሰዎች በሽመል እየተደበደበና ጅራቱን እየተጠመዘዘ ሲነዳ ግን ያ እርጋታው ይጠፋል፤ የሥጋው ጥራትም አብሮ ይሄዳል።

በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የኃይል ስንቅ አለ። ያረፈ በሬ ሲታረድ ይህ ስንቅ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጥና 7 ገደማ የነበረው የሥጋው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። አሲዱ ባክቴሪያ ቶሎ እንዳይራባ ያግዛል። ሲንገላታ የዋለ፣ ተርቦና ተጠምቶ ከባዕድ ከብት ጋር ሲዋጋ ያደረ በሬ ግን ስንቁን ጨርሶ ነው ለእርድ የሚቀርበው። ፒኤቹ ከ6 በላይ ሆኖ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ ተሰቅሎ ለሚሸጥበት ከተማ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት። በሀገራችን ቄራዎች ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ በሬውን ለመጣል ማጅራቱን በቢላ መውጋት ነው፤ የራስ ቅሉና የመጀመሪያው የአንገት አጥንት በሚገናኙበት ክፍተት። በሬው ከመቅጽበት ይወድቃል። አራጁ ከቀንድና ከርግጫ ይድናል፤ ያየ ሁሉ «አለቀለት» ይላል። አላለቀለትም። የተቆረጠው ህብለ ሰረሰሩ ነው፤ አንጎሉ አሁንም ደም ያገኛል። እግሩ አልታዘዝ አለው እንጂ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ቦሊቪያ ውስጥ በዚህ መንገድ የተወጉ 309 ከብቶች ተመርምረው በአብዛኞቹ የአንጎል ሥራ አለመቋረጡ ታይቷል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብም ዘዴው በማንኛውም እንስሳ ላይ ተቀባይነት የለውም ይላል። እኔም እንዲቀጥል የሚያደርግ ምክንያት አይታየኝም።

ጉሮሮን ብቻ መቁረጥስ? እዚህ ላይ በግና በሬ ይለያያሉ። በግ ትልልቆቹ የአንገት ደም ቅዳዎች ሲቆረጡ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። በበሬ ግን በአከርካሪ አጥንቱ ውስጥ የሚያልፉት ሌሎች ደም ቅዳዎች ቢላው ሳይደርስባቸው አንጎሉን መመገባቸውን ይቀጥላሉ። የተቆረጡት ጫፎችም አንዳንዴ ተሸብሽበው ይደፈናሉ። ስለዚህ አንዳንዱ በሬ ራሱን ሳይስት ከደቂቃ በላይ ሊቆይ ይችላል።

መላው ከቢላው በፊት አንጎልን ማደንዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ጀርመናዊው ሁጎ ሃይስ ለዚሁ የሚሆን ሽጉጥ ሠራ፤ ጥይት የለውም፣ ወጥቶ የሚመለስ የብረት ዘንግ ነው ያለው። ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ ተቃራኒው ቀንድ ሥር መስመር ቢሰመር ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ግንባር ላይ ይተኮሳል። ሠራተኛው ወዲያው ሁለት ነገር ያያል፦ ትንፋሹ ቆሟል ወይ? የዓይኑ ብሌን ሲነካ ሽፋሽፍቱ ይንቀሳቀሳል ወይ? ከተነፈሰ ወይም ሽፋሽፍቱ ከተንቀሳቀሰ ቢላው አይነሳም፤ ማደንዘዙ ይደገማል።

የእምነት ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፣ ተገቢም ነው። በስመ አብ ብሎ የሚባርከውም ቢስሚላህ የሚለውም እንስሳው በሕይወት ሳለ እንዲታረድ ይፈልጋል። የኒውዚላንድ ቄራዎች ጭንቅላትን ብቻ በኤሌክትሪክ ያደነዝዛሉ። ልቡ መምታቱን ስለማያቆም ደሙ ይፈሳል፤ ካልታረደ ነቅቶ ይነሳል። ሥጋው ለሙስሊም ሀገሮችም ይላካል። ካህናቱ፣ የመስጊድ አባቶችና የቄራው የእንስሳት ሐኪም አብረው ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

መሣሪያው እስኪገዛ ድረስም ብዙ ማድረግ ይቻላል። በሬ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ መሬት ላይ ያለውን ጥልቀት ግን ቆሞ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ካልሆነ በደንብ አይለይም። ለዚህ ነው የውኃ መውረጃ ቦይ ወይም የሰው ጥላ ሲያይ እግሩን ተክሎ የሚቆመው። ያኔ ከመደብደብ ቦዩን መክደን፣ ጥላውን ማንሳት፣ እስኪያስተውል መታገሥ ይሻላል። በክርስቲያኑ በኩል ሁዳዴን 55 ቀን ጭር ብሎ የከረመው ቄራ በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ሲጨናነቅ ግን ትዕግሥት አይገኝም። ሰንጋዎቹ ቀደም ብለው ገብተው ውኃ ጠጥተው እንዲያድሩ፣ አንዱ ሲታረድ ሌላው እንዳያይ በግርግዳ እንዲለዩ፣ ቢላውም በየከብቱ መሃል እንዲሞረድ ማድረግ በከተማ አስተዳደሩ አቅም የሚቻል ነው።