የመሞከሪያ ዘፈን

ቴፕ ገጥሜ ስጨርስ የምከፍተውን ዘፈን የምመርጠው ለባለመኪናው ብዬ አይደለም፤ ሥራዬን እንዲያሳብቅብኝ ነው። ለብዙ ዓመታት መሞከሪያዬ ጥላሁን ገሠሠ ነበር። ሾፌሩ ይደሰታል፣ እኔም እደሰታለሁ፤ ለሙከራ ግን አይሆንም። ፍላሽ ላይ የሚዞሩት የቆዩ ዘፈኖች አብዛኞቹ ከሸክላና ከካሴት የተገለበጡ ስለሆኑ የራሳቸው እሽታ አላቸው፤ የተበላሸ ሽቦ የሚያመጣው ጩኸት እዚያ ውስጥ ይሸሸጋል።

ቃሊቲ ማሰልጠኛ አካባቢ የእኛ እንጀራ የጂቡቲ መስመር መኪና ነው። ከባድ መኪና የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ቴፑ የሚፈልገው 12 ብቻ። የቸኮለ ሠራተኛ ከሁለቱ ባትሪዎች ካንዱ ላይ ብቻ ይስብና ይገላገላል። ውሎ አድሮ ያ ባትሪ ከጓደኛው ቀድሞ ይሞታል፣ ጓደኛውንም ይዞት ይሄዳል። ደህና ሠራተኛ መሃል ላይ መቀነሻ ያስገባል። ኔጌቲቩ ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ ከሻንሲው ጋር ጠብቆ ካልታሰረ፣ ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ከስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ሞተሩ ሲጮህ ፉጨቱም አብሮ ይቀጥናል።

ሮፍናን የሚባለውን ዘፋኝ ያገኘሁት እንዲህ ያለ ፉጨት ሳሳድድ ነው። መኪናው ሌላ ቦታ ተሠርቶ የመጣ ነው። ሾፌሩ «ምንም የለውም እኮ፣ ረዳቴ ነው የሚነዘንዘኝ» ይላል። ረዳቱ ፍላሹን ሰካና «ጋሼ፣ በዚህኛው ስማው» አለኝ። የከበሮ ምት ከኮምፒዩተር ምት ጋር ተደርቦ መጣ፤ የጋቢናው በር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ዘፋኙ ቃል ሊያወጣ ሲል ግን ያ ሁሉ ከባድ ምት ገለል አለለት። በተከፈተው ቦታ ላይ ድምፁ ብቻውን ቆመ፣ ከጎኑ ደግሞ ፉጨቱ። ሾፌሩም ሰማው።

አልበሙ «ነጸብራቅ» ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣ። ሮፍናን እስከዚያ ድረስ በዲጄነቱ ነበር የሚታወቀው። ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅንብሩም የራሱ መሆኑን ስሰማ አልገረመኝም፤ ያ ገለል ማለት ከሌላ ሰው ትእዛዝ የመጣ አይመስልም። እኛ በካሴት ያደግን ሰዎች የለመድነው ሌላ ነው። የካሴቱን ወረቀት ስትዘረጋ ግጥም ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ አበበ መለሰ፣ ከዚያ ደግሞ አቀናባሪው ይላል። ዘፋኙ የሚመጣው የሰውን ቃል በሰው ዜማ ሊዘፍን ነው። ድሮ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ይገጥም፣ ብቻውን ያዜም አልነበር? ሙያው የተከፋፈለው ኋላ ነው፤ መከፋፈሉም ትልልቅ ሥራ ሰጥቶናል።

ስለዚህ ልጁን ሳደንቅ ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። አንዳንዱ ዘፈን ላይ ሐሳቡ ይበዛል፤ ምቱ ሦስት ጊዜ ይቀያየራል፣ ጆሮ አንዱን ሳያጣጥም ሌላው ይመጣል። አጠገቡ እንደ ኤልያስ መልካ ያለ ሰው ተቀምጦ «ይቺን ተዋት» ቢለው ኖሮ እላለሁ። ኤልያስ የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ሲያቀናብር፣ የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም ሲሠራ፣ የሌላውን ሰው ድምፅ ፊት አስቀምጦ ራሱ ከኋላ የሚቆም ነበር። ራስህን በራስህ ስትሠራ እንዲህ ያለውን ሁለተኛ ጆሮ ከየት ታመጣለህ? እኔም ሥራዬን ለሌላ ሠራተኛ ሳላሰማ መኪና አላስወጣም።

ያም ሆኖ መሞከሪያዬ አሁን «ነጸብራቅ» ነው። ቤዙ ስፒከሩ ልኩን ካለፈ ወዲያው ይናገራል፤ ክፍተቶቹ ደግሞ ሽቦዬን ይመረምሩልኛል። ከአዛውንት ሾፌሮች «ይሄን ጩኸት አጥፋልኝ» የሚል አይጠፋም። አጥፍቼ ጥላሁንን እከፍትለታለሁ፣ ግን ከፈተንኩ በኋላ ነው።

የማልወደው አንድ ነገር አለ። ለሰብዉፈርና ለአምፕሊፋየር ያን ያህል ብር የሚያወጣ ሰው፣ ዘፈኑን የሚያስጭነው መንገድ ዳር በርካሽ ነው፤ ከዚያ ላይ ለልጁ የሚደርሰው ነገር የለም። ኤልያስ መስከረም 2012 ላይ ከማረፉ በፊት ከሙያ ጓደኞቹ ጋር «አውታር» የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ያቋቋመው ለዚሁ ነበር፤ አድማጭ ከፍሎ እንዲያወርድ። ለረዳቱ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ የት አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከመተሐራ ወዲያ ያለውን መንገድ እሱ ያውቀዋል። ቢሆንም ቃሊቲ ቆሞ ጭነት ሲጠብቅ የሚውልበት ሰዓት አያንስም፤ ኔትወርኩም እዚህ አለ።