ደጎሎ በስንት ባይት? የኢንቲጀር ወርድና የሜሞሪ አድራሻ ስሕተቶች

ደጎሎ፣ የደቡብ ወሎዋ የጃማ ወረዳ ከተማ፣ ስሟ ሦስት ፊደል ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ ግን ዘጠኝ ባይት ይፈጃል። «ደ» ብቻዋን 225፣ 139 እና 176 ናት። ሦስቱም ከ127 ይበልጣሉ፤ ጣጣውም ከዚህ ይነሣል።

በሲ ቋንቋ ባለ 8 ቢቱ «ቻር» አሉታዊ ቁጥር ይያዝ አይያዝ የሚወሰነው በኮምፓይለሩ ነው። በኢንቴል ዘር ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ ስለሚይዝ 225 ሲነበብ -31 ይሆናል። ፕሮግራሙ በዚህ ቁጥር ሰንጠረዥ ሲያይ፣ አድራሻው የሚገኘው መነሻው ላይ ቁጥሩን በመደመር ነውና፣ ከሰንጠረዡ 31 ቤት ወደ ኋላ ሄዶ የማይመለከተውን ሜሞሪ ያነባል። በአርም ሊኑክስ ቻር አሉታዊ ስለማይሆን ያው ኮድ በሰላም ይሠራል። የእንግሊዝኛ ፊደላት በሙሉ ከ128 በታች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም ስሕተቱን ለዓመታት ደብቆ ሊኖር ይችላል። ለእኔ «ደጎሎ» ብሎ መጻፍ ከብዙ የተራቀቀ ፍተሻ ይሻላል።

እርማቱ ቀላል ይመስላል፤ ቦታውን መሳት ግን ይቀላል። ባይቱ በቀጥታ ምልክት አልባ ወደሆነ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር ከተለወጠ፣ አሉታዊ ምልክቱ አብሮ ይሰፋና -31 ወደ 4,294,967,265 ይዞራል። መጀመሪያ ምልክት አልባ ቻር፣ ከዚያ በኋላ ማስፋት ነው።

የ16 ቢት ወጥመድም አለ። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ቁጥሮቹ በ16 ቢት ይበቁ ነበር። በ2021 ለጉራጊኛ የተጨመሩት ፊደላት ግን ከ124,896 ይጀምራሉ። ይህ ቁጥር ባለ 16 ቢት ተለዋዋጭ ውስጥ ሲገባ ተቆርጦ 59,360 ይቀራል፤ የፊደሉን ቅርጽ በዚሁ ቁጥር የሚፈልግ ፕሮግራምም የሌላ ቦታ አድራሻ ያሰላል።

በሰፋፊ ምስሎች ደግሞ ማባዛቱ ነው የሚጎዳው። ጎኑ 30,000 ፒክስል የሆነ፣ በፒክስል 4 ባይት የሚይዝ ካሬ የሳተላይት ምስል 3.6 ቢሊዮን ባይት ነው። ባለምልክት 32 ቢት ከ2,147,483,647 አያልፍም። ውጤቱን ለ64 ቢት ተለዋዋጭ መስጠት አያድንም፤ ስሌቱ ቀድሞ ሞልቶ ፈሷል። ከማባዛቱ በፊት አንዱን ቁጥር ማስፋት ይገባል። ለዚህ «ሎንግ»ን የሚመርጥ ፕሮግራመርም ይጠንቀቅ፦ በ64 ቢት ሊኑክስ 64 ቢት የሆነው ሎንግ፣ በዊንዶውስ ዛሬም 32 ቢት ነው።