ዶሴው አለ፤ ወረቀቱስ?

በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ «ዶሴው ጠፋ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ብዙ ጊዜ ጠፋ የተባለው ዶሴ ከሕንጻው አልወጣም፤ አንዱ ሹም ጠረጴዛ ላይ ከሌሎች ዶሴዎች ሥር ተቀብሮ፣ ወይም በማይገባው መደርደሪያ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። እስኪገኝ ድረስ ግን ባለጉዳዩ ይመላለሳል፤ የመዝገብ ቤቱም ሠራተኛ ይወቀሳል።

ለዚህ ችግር ከተገኙት ዘዴዎች አንዱ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ መለያ ነው። አሠራሩም ይህን ይመስላል። ከወረቀት እምብዛም በማይወፍር ቁራጭ ላይ ስስ የብረት አንቴና ይዘረጋል፤ ከአንቴናውም ጋር ከአሸዋ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ ቺፕ ይያያዛል። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ማንበቢያው መሣሪያ ሞገድ ሲልክበት፣ አንቴናው ከዚያው ሞገድ ጥቂት ኀይል ተቀብሎ ቺፑን ያነቃዋል፤ ቺፑም የተሰጠውን ቁጥር መልሶ ይናገራል። ቤተ መጻሕፍት የሚያዘወትሩት ዐይነት በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን የሚነበበውም ከቅርብ ነው። ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ የሚሠራው ግን ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ይነበባል። እንግዲህ ሠራተኛው ዶሴዎቹን አንድ በአንድ ሳያወጣ፣ ማንበቢያውን ይዞ በመደርደሪያው ፊት ቢያልፍ የጎደለውን ያውቃል ማለት ነው። በበሩም ላይ ሌላ ማንበቢያ ቢተከል ያልተፈቀደ ዶሴ ሲወጣ ይጮኻል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ሃሪ ስቶክማን የተባለ ሊቅ በሚንጸባረቅ የሬዲዮ ኀይል መነጋገር እንደሚቻል የጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ርካሽ ቺፕ እስኪገኝ ግን ብዙ ዘመን አልፏል።

አያሌ የግዕዝ ብራናዎች የሚገኙበት የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ለእድሳት ሦስት ዓመት ተዘግቶ ቆይቶ በ2010 ሲከፈት፣ 70,000 መጻሕፍት እንዳይጠፉና እንዳይሰረቁ ቺፕ ተደርጎባቸው ነበር። ቤቱ ለመጠንቀቅ ምክንያት ነበረው። በ1996 አንድ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ፕሮፌሰር፣ ቀድሞ የባለቅኔው የፔትራርካ ንብረት ከነበረ የ14ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ገጾች ቀዶ በማውጣቱ 14 ወር እስራት ተፈርዶበታል።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። የወጡት ገጾች ናቸው እንጂ መጽሐፉ አይደለም። በመጽሐፉ ላይ ቺፕ ቢኖር ኖሮ እንኳ፣ ገጾቹ በሌባው ቦርሳ ሲወጡ እርሱ ከመደርደሪያው ላይ «አለሁ» ይል ነበር። በየሉኩ ላይ ይለጠፍ እንዳይባል ደግሞ፣ ሙጫ ከጊዜ በኋላ ወረቀትን ስለሚያበላሽ ጠንቃቃ የመዛግብት ባለሙያ መለያውን የሚያኖረው በሽፋኑ ወይም በሣጥኑ ላይ ነው። ብረትም የሞገዱ ጠላት ነው። በብረት ቁም ሣጥን የተቆለፈ ዶሴ ከውጭ አይነበብም፤ ምግብ በምንጠቀልልበት በአሉሚኒየም ልባስ የተሸፈነም በበሩ ሲያልፍ ማንበቢያው ዝም ሊል ይችላል። የምስጢር ዶሴ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል፤ ተስማሚ ማንበቢያ የያዘ እንግዳ ሰው ሊያነበው ስለሚችል፣ በቺፑ ላይ ባዶ ቁጥር እንጂ ስምም ርእስም መጻፍ አይገባም።

ታዲያ አንዲቱን ሉክ ማን ይጠብቃት? የፕሬዚዳንት ክሊንተን የብሔራዊ ጸጥታ አማካሪ የነበሩት ሳንዲ በርገር በ2003 በዋሽንግተን የብሔራዊ መዛግብት ቤት ገብተው የምስጢር ወረቀቶችን እንዲያነቡ ተፈቀደላቸው። የቤቱ ሠራተኞች አንድ ነገር ጠረጠሩ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ትልቅ ሰው እንዴት ይፈትሹ? በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ሠራተኞቹ አስቀድመው በየወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ትንንሽ ቁጥር ጽፈው ጠበቋቸው። ወረቀቶቹ ሲመለሱ ቢቆጠሩ ቁጥሮች ጎደሉ። በርገር ከወሰዷቸው ቅጂዎች አንዳንዶቹን በመቀስ ቆራርጠው ጥለዋቸው ነበር። በ2005 ጥፋታቸውን አምነው 50,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደባቸው።